ኢቡ ውርያንቲ የደበቁት አየር

በኢንዶኔዥያዋ ሶሎ ከተማ ሙሽራ የሚያስጌጥ ሞልቷል፤ ኢቡ (እሜቴ እንደማለት ነው) ውርያንቲን የሚያህል ግን የለም። ሙሽራዋን ኩለው ብቻ አይለቁም፤ አቀማመጥ ያስተምራሉ፣ ሳሏን ያስውጣሉ፣ ማስነጠስን ያስረሳሉ። «ከጨዋ ሴት ገላ ድምፅ አይወጣም» ባይ ናቸው። ሙሽሮች ይፈሯቸዋል፣ አማቶች ይወዷቸዋል።

እኒህ ሴት ናቸው እንግዲህ የትልቁ አንጀት ካንሰር ይዟቸው ሆስፒታል የገቡት። ዕጢው ተቆርጦ ከወጣ በኋላ፣ ሽማግሌው ዶክተር ሃርጂቶ አንጀታቸውን በእምብርታቸው በኩል ወደ ውጭ ስበው የተቆረጡትን ጫፎች በመርፌና በክር ሰፍተው መለሱት። በዚያው ቀን ወጣቷ ዶክተር ኒማስ ጎናቸው የተኛችውን ተምፔ የሚባል የአኩሪ አተር ምግብ ሻጭ፣ ካምሲያህን፣ በካሜራ እያየች አንጀቷን እዚያው ሆዷ ውስጥ በስቴፕለር ቀጠለችላት። ሆስፒታሉ ሁለቱን አሠራር እያወዳደረ ነበር። ዳኛው ደግሞ አንጀት ሥራ መጀመሩን የሚያበስረው ፈስ ነው። እሱ ሳይመጣ በዚያ አገር የሩዝ አጥሚት እንኳ አይቀመስም።

ካምሲያህ ቀኑ ሲደርስ ክፍሉን አናወጠችው።

«መጣልኝ! አጥሚቴን አምጡ!»

ጠያቂዎቿ አጨበጨቡላት። ሕሙማኑን ሊያዩ የገቡት ዶክተር ሃርጂቶ ወደ ኢቡ ውርያንቲ አልጋ ዞሩ።

«እርስዎስ፣ ኢቡ?»

«እስካሁን የለም፣ ዶክተር።»

ውሸታቸውን ነው። ማለዳ፣ ካምሲያህ ሳትነቃ፣ መታጠቢያ ቤት ገብተው ቧንቧውን ለቀቁና ጉዳዩን ጨረሱ። ቀን ቀን ግን በሰው ፊት አምቀው ስለሚይዙት ሆዳቸው ተነፋ።

ካምሲያህ ጠርጥራለች። «ኢቡ፣ እጅ መታጠብ እንደዚህ ይረዝማል እንዴ?» አለቻቸው እየሳቀች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም!»

«አንቺ አጥሚትሽን ጠጪ።»

በማግስቱ ዶክተር ሃርጂቶ ከኒማስና ከተማሪዎቻቸው ጋር መጡና የተነፋውን ሆድ መታ መታ አደረጉት። ፊታቸው ጠቆረ።

«ስፌቱ ሳይጠብ አልቀረም። ራጅ እናንሳና፣ እንደገና መክፈት ሊኖርብን ነው።»

ኢቡ ውርያንቲ ክው አሉ። ግን በዚያ ሁሉ ጎረምሳ ፊት ያን ቃል ከማውጣት ቢላዋው ይሻላቸዋል።

ሽማግሌው ወደ ኒማስ ዞሩ። «ያንቺው አሠራር ይሻላል፣ ልጄ። እጄ አርጅቷል። ከእንግዲህ በመርፌ አልሰፋም።»

ይሄኔ ኢቡ ውርያንቲን አንዳች ነገር አንገበገባቸው። እሳቸውም የኖሩት በእጃቸው ነው። የሰውን የእጅ ሙያ በሐሰት ማዋረድ ከየትኛው ጨዋነት ይቆጠራል? ፀጉራቸውን አስተካክለው፣ ቀና ብለው ተቀመጡና ሙሽሮችን በሚያዙበት ድምፅ ተናገሩ።

«ዶክተር፣ ስፌትዎ አልጠበበም። አምቄ የያዝኩት እኔ ነኝ። ፈስቻለሁ። ያውም ከካምሲያህ ቀድሜ።»

ካምሲያህ በሳቅ ቁስሏን ይዛ «አጥሚት ለኢቡ!» ብላ ስትጮህ፣ ዶክተር ሃርጂቶ ሁለቱን እጆቻቸውን እያገላበጡ ያዩ ነበር።