የአክስት ቤት ሕግ

እትዬ ሙጫን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ነው። ሱቆቻችን አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። እሳቸው በወዲያ በኩል ካርቶን እየቆረጡ ሳጥን ይሠራሉ፤ እኔ በወዲህ በኩል ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ስንጎራበት የተነጋገርነው ስለ ጣሪያው ማፍሰስና ስለ አከራያችን ግትርነት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። እኔ ደግሞ ሰው አፍ ውስጥ ገብቼ ወሬ የማወጣ ዓይነት አይደለሁም። ስለዚህ የምጽፈው ያየሁትንና በስሱ ግድግዳ በኩል የሰማሁትን ያህል ነው። የሳትኩት ካለ ሌላ የሚያውቅ ያርመኝ።

ሙጫ ብሎ የሰየማቸው ሰፈሩ ነው። አንድም ጣታቸው ላይ የደረቀ ሙጫ ስለማይጠፋ፣ አንድም የያዙትን ነገር ስለማይለቁ። ስሙን ያውቁታል፣ አይቀየሙም። አንድ ደንበኛ አምልጦት ፊት ለፊት ሲጠራቸው «አቤት፣ ምን ላጣብቅልህ?» ሲሉት ሰምቻለሁ። የጫማ ሳጥን፣ የኬክ ሳጥን፣ የሸሚዝ ሳጥን ይሠራሉ። ካርቶኑን በብረት ማስመሪያ ይዘው በአንድ ምት ሲቆርጡት ድምፁ እኔ ጋ ይመጣል። ሥራ የበዛ ቀን ያ ድምፅ ራስ ያዞራል።

አባታቸው በአንድ ማተሚያ ቤት ሠዓሊ ነበሩ። እኛ ልጆች ሳለን ቤት ሁሉ ይገኝ የነበረውን «ደርሶ መልስ» የተባለውን የሰሌዳ ጨዋታ የሣሉት እሳቸው ናቸው። ላልደረሰበት ሰው ላስረዳ። ዳይስ ትወረውራለህ፣ ከቤትህ ተነሥተህ ገበያ ትደርሳለህ፣ ትመለሳለህ፤ ቀድሞ የተመለሰ አሸነፈ። መንገድ ላይ ዝናብ አለ፣ የፈረሰ ድልድይ አለ፣ የሚያባርር ውሻ አለ። ከሁሉ የከፋው ግን የአክስት ቤት ነው። እዚያ ያረፈ ሰው አክስት «ትንሽ ተቀመጥ እንጂ» ብላ ታስቀረዋለች። የሚወጣው ሌላ ተጫዋች እዚያው ላይ ሲያርፍና ቦታውን ሲወስድ ብቻ ነው። ማንም ካልመጣ ሌላው ገበያ ደርሶ፣ ተመልሶ፣ አሸንፎ ሲጨፍር አንተ አክስትህ ቤት ቁጭ ብለህ ታያለህ።

ማተሚያ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ጨዋታው ከገበያ ጠፋ። በየቤቱ የነበረውም ተቀደደ፣ ውሃ ፈሰሰበት፣ ሕጉ የተጻፈበት ወረቀት ከሳጥኑ ጠፋ። እትዬ ሙጫን ግን የሚያንገበግባቸው ሌላ ነገር ነበር። ሳጥኑ ላይ የማተሚያ ቤቱ ስም በትልቁ ሲጻፍ የአባታቸው ስም በትንሹም አልተጻፈም። ጨዋታው እንደ አዲስ ታትሞ የአባታቸው ስም ክዳኑ ላይ እንዲወጣ ይፈልጉ ነበር። ሳጥኑን ራሳቸው ሊሠሩት ነው፤ ዓይናቸው ሳይደክም።

ለማሳተሚያ የሚሆን ገንዘብ አልነበራቸውም። ማስታወቂያ ድርጅት የምትሠራው የወንድማቸው ልጅ ናት መላ ያመጣችው። በኢንተርኔት ገጽ ይከፈትና ጨዋታውን የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ያዋጣል። የታሰበው ገንዘብ በወሩ መጨረሻ ከሞላ ይታተማል፣ ያዋጣ ሁሉ አንድ አንድ ሳጥን ይደርሰዋል። ካልሞላ የሁሉም ገንዘብ ለየባለቤቱ ይመለሳል፣ ነገሩም ይቀራል። መሀል ላይ መቆም የለም።

ልመናውን እኔ ጻፍኩት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብዬ ጀመርኩ፤ ከዚያ የተሻለ አልመጣልኝም። ልጅቷ ደግሞ ከታች «እናንተ ቤት እንዴት ነበር የምትጫወቱት? ጻፉልን» የሚል ጨመረች። ሰው ይቀርባል ብላ ነው። ቀረበ፤ ምን ይቀርባል፣ ላያችን ላይ ወጣ እንጂ። ሎሚ የያዘ ሁሉ ዛፉም የኔ ነው አለ።

አንዱ፣ እኛ ቤት ከአክስት የሚወጣው ስድስት የጣለ ነው፣ ያ ካልሆነ ገንዘቤን መልሱ አለ። ሌላዋ፣ እኛ ቤት ያለቀሰ ይወጣ ነበር ብላ ጻፈች። አንድ መሐንዲስ ነኝ ባይ አክስት ቤት የገባ ሰው የማሸነፍ ዕድሉ ስንት እንደሆነ አስልቶ፣ በሠንጠረዥ አድርጎ ላከ፤ ሳይጠየቅ። አንዲት እናት ጨዋታው የሕፃናትን ልብ ይሰብራል አለች። አንድ ሰውዬ፣ አክስቶች ለምን ይሰደባሉ፣ አጎት ይደረግ አለ። ውሻው በድመት ይተካ ያለም አለ። ሁለት ወንድማማቾች በልጅነታቸው ሳይጨርሱ የተጣሉበትን ጨዋታ እዚያው ገጽ ላይ አምጥተው ማን እንዳጭበረበረ ሲከራከሩ ሰነበቱ። እናታቸው ገብታ ሁለታችሁም አጭበርባሪዎች ነበራችሁ ባትል ኖሮ አያቆሙም ነበር።

እኔ እነዚህን እያተምኩ ጠዋት ጠዋት እወስድላቸዋለሁ፣ እሳቸው ካርቶን እያጠፉ እኔ አነብላቸዋለሁ። አንዳንዱን ሳነብ እኔው ጨጓራዬ ይላጣል። እሳቸው ግን መልሳቸው አንድ ነበር፦ «እሱ የቤታቸው ሕግ ነው። ቤታቸው ይጫወቱት።»

ይህ ለሰው ሲነገር ጥሩ አልተሰማም። ብዙዎቹ ሕጉ ሲስተካከል እንከፍላለን ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ ገና ብዙ ይቀረን ነበር።

አሻንጉሊት ነጋዴው የመጣው ያኔ ነው። በየሰፈሩ ሱቅ ያለው ሰው ነው። መኪናውን ሱቄ በር ላይ አቁሞ ደንበኛዬን ሁሉ ዘጋብኝ። እትዬ ሙጫ ወንበር ጠርገው ሰጡት፣ ሱሪው ላይ ሙጫ እንዳይነካው ጫፉ ላይ ተቀመጠ። የጎደለውን እኔ እሞላለሁ አለ። የአባታቸውም ስም ክዳኑ ላይ በወርቃማ ቀለም ይወጣል፤ ከዚያም አልፎ በሱቆቹ ሁሉ ይሸጠዋል። እኔ ከደስታ ብዛት የምቆምበት ጠፋኝ። ከዚያ «አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ» አለ፤ ትንሹ ነገር መቼም ቢሆን ትንሽ ሆኖ አያውቅም።

«እናቴ፣ ዛሬ ልጅ ቁጭ ብሎ ሌላው ሲጫወት አያይም። ያለቅሳል። ያስለቀሰውን ዕቃ እናቱ መልሳ ታመጣብኛለች። አክስት ቤት የገባ አንድ ዙር ይቀመጥና ይውጣ። ምን ይጎድላል?»

«በራሱ ከወጣማ የአክስት ቤት አይደለም፣ ፌርማታ ነው» አሉ።

ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባላል፣ እናቴ።»

«ለሚቀበለው ነው የሚበልጠው» አሉት። እስከ መኪናው ድረስ ሸኙት፤ በጨዋ ደንብ፣ ደግ ሆነው። ሱሪው ላይ ሙጫ ነክቶት ነበር፤ እሱንም ነገሩት።

የወንድማቸው ልጅ ስትሰማ ከሥራ ቀጥታ መጣች። በግድግዳው በኩል መስማት አላስፈለገኝም፣ መንገድ ያለ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ስንት ሌሊት ገጹን ስትጠብቅ እንዳደረች፣ አለቃዋ ፊት እንዴት እንዳፈረች፣ ለማያውቃት ሰው ሁሉ ስትለማመጥ ምላሷ እንዴት ፀጉር እንዳበቀለ ዘረዘረች። እኔ ለማስታረቅ ብዬ ገባሁ፤ ባልገባ ይሻል ነበር።

«ጋሼ፣ አንተ እስቲ ንገራት» አለችኝ። ወደ እሳቸው ዞራ ደግሞ፣ «አክስቴ፣ የአያቴ ስም ነው እኮ። አንቺ ነሽ ይወጣ ያልሽው። እኔ አያቴን በመልክ እንኳን አላውቀውም፣ ላንቺ ብዬ ነው የምለፋው። እሱ የሣለው ቤት ይፍረስ አላለሽም ሰውየው፣ በሩን ትንሽ ክፈቺው ነው ያለሽ።»

«በሩ ክፍት ነው። ሌላ ሰው ይግባበት፣ ያለው ይወጣል።»

«አንቺ ራስሽ ነሽ የአክስት ቤት። አንዴ የገባብሽ ሰው መውጫ የለውም» አለችና ሳቋ አመለጣት። እሳቸውም ሳቁ። ነገሩ የሚፈታ መሰለኝ፣ ስለዚህ ደፍሬ ሐሳብ አቀረብኩ። ሁለት ሕግ እንጻፍ፣ የፈለገ በዚህ፣ የፈለገ በዚያ ይጫወት፣ ነጋዴውም ይስማማል አልኩ። በልቤ ራሴን እያመሰገንኩ ነበር።

እትዬ ሙጫ የሚያጥፉትን ካርቶን አስቀምጠው አዩኝ። «ምርጫ ካለ ማን ይቀመጣል?» አሉ።

በቃ። ሙጭጭ አሉ። ልጅቷ ቦርሳዋን አነሣች፣ ደህና ዋዪ ሳትል ወጣች። እኔም ተናድጄ ወደ ሱቄ ገባሁ። ያን ቀን ያነሣሁት ፎቶ ኮፒ ሁሉ ጠማማ ሆኖ ወጣ።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ፣ አለፈ። ገንዘቡ ለየባለቤቱ ተመለሰ። ከሁሉ ያበገነኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ያ መሐንዲስ ነኝ ባይ፣ እንዲህ ያለ የልጅነት ትዝታ ሲቀር ማየት ልብ ይነካል ብሎ ጻፈ። አጎት ይደረግ ያለው ሰውዬ፣ ለባህላችን ደንታ የሌለን ሕዝብ ነን ብሎ ወቀሰን። እኔን ነው የሚወቅሰው? ልመልስለት ጀምሬ ተውኩት። ስሜት ውስጥ ሆኜ ስጽፍ የሚወጣውን አውቀዋለሁ።

ገጹ ሲዘጋ የቀረኝ ነገር ቢኖር ለነጋዴው ላሳየው ብዬ በማሽኔ አጉልቼ ያተምኩት የሰሌዳው ሥዕል ነበር። ልጥለው ስል የአክስት ቤት ላይ ዓይኔ አረፈ። በሰሌዳው ላይ ቤቶቹ የጥፍር ያህል ናቸው፤ ልጅ ሆነን ማንም ልብ አላለም። ሲጎላ ግን የሌሎቹ ቤቶች መስኮት ሁሉ ባዶ ነው፤ በአክስት ቤት መስኮት አንዲት ልጅ አለች። አገጯን እጇ ላይ አስደግፋ ወደ መንገዱ ታያለች።

ወረቀቱን ይዤላቸው ሄድኩ። የኬክ ሳጥን እያጠፉ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፣ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አዩት።

«እኔ ነኝ» አሉ፣ እንደ ቀላል ነገር። እናታቸው ስትሞት አባታቸው ማተሚያ ቤት የሚውሉ ሰው ስለነበሩ ልጅ ማሳደግ አልቻሉም። እትዬ ሙጫን የገዛ እህታቸው ዘንድ ወሰዷቸው፤ ለትንሽ ጊዜ ተብሎ ነበር። ያቺ አክስት ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ሥራ የሚያግዛት ልጅ ግን ከቤቷ እንዲጠፋ አትፈልግም። አባታቸው በመጡ ቁጥር «አሁን ማን ያግዘኛል?» ትላለች፣ አባታቸውም ሰሌዳውን እዚያው ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው እየሣሉ መሽቶ ብቻቸውን ይመለሳሉ። «ሕጉን አባባ ነው ያወጣው፣ እኔ አይደለሁም። እሱ ያወጣውን ስሙን ለማስጻፍ ብዬ እኔ ልሰርዘው?»

ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ እጃቸው አላቆመም። አንድ ሳጥን አጠፉ፣ ሌላ ጀመሩ። እኔም መቼም እንደዚህ ተናግረውኝ ስለማያውቁ የማልጠይቀውን ጠየቅኩ።

«ታዲያ እትዬ፣ በኋላ ሲወጡ… በእርስዎ ቦታ ማን ገባ?»

እጃቸው ቆመ። ወረቀቱን ሥዕሉ ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርገው አጠፉና መለሱልኝ።

«እሱን አልነግርህም» አሉ።