ዋስ ይዤ የገባሁበት ኢንተርቪው

ካናዳ ውስጥ የመጀመሪያውን ቋሚ ሥራ ለማግኘት የከፈልኩት ሦስት ነገር ነው፦ አንድ አሮጌ ኮት፣ የአንድ ቀን ውሎ እና የጋሼ መኮንን እምነት። ኮቱን ተክቼዋለሁ።

ይህን ያስታወሰችኝ ልጄ ናት። ባለፈው ሳምንት ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ያለው ሱቄ ውስጥ ተቀምጣ ከላፕቶፗ ጋር ኢንተርቪው ስትለማመድ ቆየችና «አባዬ፣ ኤክስፒሪያንሴን ትንሽ ባሳምረው ችግር አለው?» አለችኝ። በርበሬ እየመዘንኩ ነበር፤ እጄ ሚዛኑ ላይ ቆመ።

እኔም በዕድሜዋ ሳለሁ አሳምሬ ነበር። ያኔ ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ ከአራት ወንዶች ጋር እኖራለሁ፤ ሲገኝ በቀን ሂሳብ ሳህን አጥባለሁ። ሚስቴ ከአገር ቤት ልትገባ ሰባት ሳምንት ቀርቷታል። የሕንፃው ኃላፊ ደግሞ የቋሚ ሥራ ደብዳቤ ካላመጣሁ ቤት እንደማያከራየኝ ቁርጡን ነግሮኛል።

ስካርቦሮ ካለ አንድ የጫማ መጋዘን ለኢንተርቪው ተጠራሁ። አብረውኝ የሚኖሩት የካናዳ ልምድ አለኝ በል፣ ሪፈረንስም ያዝ ብለው መከሩኝ። ሪፈረንስ ምንድነው ስላቸው ስላንተ የሚናገርልህ ሰው ነው አሉ። በኛ አገር እንዲህ ያለው ሰው ዋስ ነው፤ ዋስ ደግሞ በአካል ቀርቦ ይፈርማል እንጂ ስልክ ቁጥሩ አይላክም። ሪጀንት ፓርክ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ዋስ ሆነው አብረውኝ እንዲገቡ ጋሼ መኮንንን ለመንኩ፤ እሺ አሉኝ። በደርግ ጊዜ የመጡ፣ ሆስፒታል በጽዳት የሚሠሩ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ቃላቸው እንደ ፊርማ የሚቆጠር ሰው ነበሩ።

የካቲት ነው፤ በረዶው ጨው ተበትኖበት ጭቃ ሆኗል፤ መኪና እየረጨብኝ አሮጌው ኮቴ የዚያን ዕለት አለቀለት። ወደ ኢንተርቪው ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሁለት ዓመት መጋዘን ሠርቷል ይበሉልኝ አልኳቸው። ዝም አሉ። ከኪሳቸው የሽምብራ ቆሎ አውጥተው እጄ ላይ አፈሰሱልኝ።

«ቆርጥም። አፍ ሥራ ሲይዝ ውሸት አይለማመድም።»

ቀልድ መሰለኝ። ዝምታን እንደ ስምምነት የቆጠረ ነጋዴ ያኔውኑ ከስሯል።

የመጋዘኑ ኃላፊ ሴትዮ ሁለት ሆነን ስንገባ ሥራ ፈላጊው የትኛው እንደሆነ ግራ ገብቷት ተጨማሪ ወንበር አስመጣች። መጋዘን ሠርቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ሁለት ዓመት አልኩ። የት ስትለኝ ወደ ጋሼ ዞርኩ። እሷም ዞረች።

ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በዚያ ቀስ ባለ እንግሊዝኛቸው «መጋዘን ሠርቶ አያውቅም» አሉ። «መርካቶ መንገድ ላይ ጫማ ይሸጥ ነበር። የዋሸው ሚስቱ ልትመጣበት ስለሆነ ቤት ፈልጎ ነው። ቢሰርቅ፣ ቢያረፍድ ግን እኔን ጥሩኝ። የምፈርምበትን ስጡኝ።»

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ደብዳቤው፣ ቤቱ፣ ሁሉም ሲሄድ ታየኝ። ልነሳ ወንበሬን ስገፋ፣ መንገድ ላይ ስንት ጫማ ይሰረቅብህ ነበር አለችኝ።

«አንድም» አልኩ። እውነት ስለነበር ቶሎ ወጣልኝ። «የማወጣው የግራውን ብቻ ነው። ቀኙ ጆንያ ውስጥ ነው፤ ገዢ ሲመጣ ይገናኛሉ። አንድ እግር ጫማ የሰረቀ ምን ያደርገዋል?»

እስክሪብቶዋን መልሳ አነሳች። ከመቶ ጫማ ውስጥ ቀኙን እንዴት ቶሎ እንደማገኘው፣ በቁጥር ይሁን በቀለም እንደማስቀምጠው፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ ስለ ጆንያዬ ጠየቀችኝ። ደብዳቤው ዓርብ ዕለት እጄ ገባ።

ከኢንተርቪው ስንመለስ ላመሰግናቸው አፌን ስከፍት ጋሼ ቀደሙኝ። «ዋስ ብለህ ጠርተኸኝ የሐሰት ምስክር ልታደርገኝ ነበር» አሉኝና ሪጀንት ፓርክ ስንደርስ ሳይሰናበቱኝ ወረዱ።

ልጄን የሠራሽውን ብቻ ንገሪያቸው አልኳት። ትንሽ ከሆነስ አለችኝ። ትንሹን አብጠርጥረሽ ንገሪያቸው፣ ያላየሽውን ሲጠይቁሽ ነው የምትወድቂው አልኳት። ይህ ምክር ለእኔ በነፃ አልመጣም።

ሥራውን አገኘሁ፣ ቤቱን ተከራየሁ፣ ሚስቴ በቀኗ ገባች። ሱቅ ስከፍት ጋሼ መኮንን እስኪያርፉ ድረስ ደንበኛዬ ሆኑ። የምሰጣቸውን የገንዘብ መልስ ግን ሁልጊዜ እፊቴ ሁለት ጊዜ ይቆጥሩ ነበር።