የቴኮንትላ ሙታን ቦታ ይለቃሉ

ክሬሴንሲዮ ሲሞት ሚስቱ ኤርሜሊንዳ የት እንደምትቀብረው ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። እናቱ ኡርባና ያረፈችበት ነው። ችግሩ የመካነ መቃብሩ በር ነበር። ታች ያለችው ከተማ ከፋሲካ በኋላ ሰንሰለትና ጓጉንቸር አስራበት ሄዳለች። «ሞልቷል» ተብሏል። ከእንግዲህ የቴኮንትላ ሰው ሬሳውን ተሸክሞ ታች ይወርዳል፣ ከተማዋ በሠራችው ምድጃ ያስቃጥላል፣ አመዱን በሣጥን ይዞ ይመለሳል።

ቴኮንትላ ከሜክሲኮ ከተማ በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ የተቀመጠች መንደር ናት። ኤርሜሊንዳ ልጅ ሳለች ከተማዋ በሩቅ የምትታይ ጭስ ነበረች። የከተማዋ ሰዎች መጀመሪያ የመጡት ለውሃው ነው፤ ምንጩን በቧንቧ ጠልፈው ወሰዱትና መንደሩ የውሃ ቦቴ ጠባቂ ሆነ። ቀጥለው ድንጋዩን ፈለጉ። ክሬሴንሲዮ ዕድሜውን የጨረሰው ያንን ጥቁር ድንጋይ ለከተማዋ የእግረኛ መንገድ ሲጠርብ ነው፤ የገደለውም ሳንባው ውስጥ የተጋገረው አቧራው ነው። ከዚያ ተራው የመሬቱ ሆነ። ቅጠሉ ከሚበላው ከኤርሜሊንዳ የቁልቋል እርሻ ግርጌ የነበሩ ጎረቤቶች እየሸጡ ሄዱና በቦታቸው ግንብና የግንብ ውሻ በቀለ።

ሰው አንድ ነገር ሲወሰድበት ይቆጣል፤ ሌላ ሲደገምበት ያማርራል፤ እየቆየ ግን መወሰዱን እንደ አየር ጠባይ ይለምደዋል። ኤርሜሊንዳም ከዚህ የተለየች አልነበረችም። ምንጩ ሲጠለፍ አራስ ነበረች፤ ለተቃውሞ አልወጣችም። ለድንጋዩም አልጮኸችም፤ ልጆቿ የሚበሉት ከእሱ ነበር። ሙታኑ ላይ ሲደርሱ ግን ልቧ እንቢ አለ። ለምን እዚያ ላይ እንደሆነ ብትጠየቅ ምናልባት መመለስ አትችልም ነበር።

የመንደሩ ሊቀመንበር ዶን ፊደንሲዮ ለለቅሶ መጥቶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያሽከረከረ ተቀምጧል።

«ዶኛ ሜሊ፣ እኔ እኮ ከእርስዎ ጋር ነኝ» አላት። «ግን በሩን ስንከፍት ቦቴውን ቢያስቀሩብንስ? አገሩ ሁሉ በውሃ ጥም ይለቅ?»

«ጥሙንስ ለምደነዋል። አንተ የፈራኸው ለወንበርህ ነው።»

«ኧረ እንዲያ አይበሉ!»

«ሬሳ ፊት አይዋሽም ፊደንሲዮ፤ ይኸው ክሬሴንሲዮ እየሰማህ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ታስደውላለህ ወይስ እኔ ልውጣ? በዚህ ጉልበቴ ማማው ላይ ከወጣሁ ባልና ሚስት ነው የምትቀብረው።»

ለቀስተኞቹ ሳቃቸውን በሻርፓቸው አፈኑ። ፊደንሲዮ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

ደወሉ በረጅሙ ተደወለ። ቴኮንትላ ውስጥ ያ ደወል ሲሰማ ከየቤቱ አንድ ሰው መሣሪያ ይዞ ይወጣል፤ ቦይ ለመጥረግም ይሁን መንገድ ለመጠገን፣ ወይም ጉድጓድ ለመቆፈር። በደሞዝ የሚቆፍር ቀባሪ እዚያ ታይቶ አይታወቅም። አካፋና ዶማ የያዘው ሰው ሬሳውን ተከትሎ ሲደርስ፣ ከከተማ የተላከው ባራሃስ የሚባል ጎልማሳ ሹም ከሾፌሩ ጋር መኪናውን በሩ ላይ አቁሞ ይጠብቅ ነበር።

«ነፍስ ይማር፣ እናቴ» አለ። «ግን መግባት አይቻልም። ቦታ የለም።»

«ማን አለ?»

«ተለክቷል። አንድ ባዶ ጉድጓድ የለም።»

«ባዶ ጉድጓድ ማን ጠየቀህ? አማቴ ቦታ ትለቅለታለች።»

ሰውየው ግራ ገባው። ከኋላ አንዷ ጎረቤት «ኡርባና? በቁሟ ለማን ለቃ ታውቃለች!» ብላ ጮኸች።

«ለልጇማ ትለቃለች» አለች ኤርሜሊንዳ። «ለእኔ ነው የማትለቀው።»

የመንደሩ ልማድ እንዲህ ነው፦ አዲስ ሬሳ ሲመጣ የቀድሞው አፅም ይወጣል፣ ይጠረጋል፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከመጪው እግር ሥር ይተኛል። ያቺ ጠባብ ግቢ ትውልድ በትውልድ ላይ እየተቀበለች ሳትሞላ የኖረችው በዚህ ነው። ለክቶ የመጣ ሰው ይህን ከየት ያየዋል?

«ይሄ የጤና ጉዳይ ነው እናቴ» አለ ባራሃስ፣ ከተረዳ በኋላ። «የእኔም አያት የሳንታ ሮሳሊያ መንደር ሰው ነበሩ። ዛሬ መንደሩ የለም፤ የገበያ ማዕከል ሆኗል። በዚህ የተነሣ የሞተ ሰው የለም።»

«አያትህ አሁን የት ናቸው?»

ሰውየው መኪናውን አየ፣ መሬቱን አየ። «አንስተዋቸዋል አሉ። ወዴት እንደሆነ እኔ እንጃ።»

ማንም አልሳቀም። ኤርሜሊንዳ ለአፍታ አዘነችለት። የሞቱበት ሰዎች የት እንዳሉ የማያውቅ ሰው፣ ሲደክመው ወዴት ዞሮ ይቆማል? ግን የባሏ ሬሳ ፀሐይ ላይ ነበር።

«እንግዲያው ይህንን በእኔ ልጆች ላይ አታምጣው» አለችና ከጎረቤቷ እጅ ዲጅኖውን ተቀበለች።

«ይጠየቁበታል! ነግሬዎታለሁ!»

«ልጠየቅ። ቤቴ ከታችኛው ግንብ ቀጥሎ ነው፤ ውሻው ያሳይሃል።»

የመጀመሪያው ምት የበሩን ድንጋይ አገኘና ብልጭታ ረጨ። ሰንሰለቱ እየተወዛወዘ አስቸገራት። ያኔ ፊደንሲዮ ከሰዉ መሀል ወጥቶ ሰንሰለቱን ወጥሮ ያዘላት፤ ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙሮ፣ እጁ የሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ።

«ጣቴን እንዳይመቱኝ ብቻ» አለ።

«ዝም ብለህ ያዝ!»

ጓጉንቸሩ ተሰበረ። የሹሙ ሾፌር ሊንደረደር ሲል ባራሃስ ክንዱን ይዞ አስቀረው።

ጎረቤቶች እየተፈራረቁ ቆፈሩ። የኡርባና ጉንጉን ፀጉር ገና አልጠፋም ነበር። ኤርሜሊንዳ ተንበርክካ የራስ ቅሉን በሻርፓዋ ጠረገች። «ጠጋ በይ እማዬ፣ ልጅሽ መጥቷል። ደክሞታል፣ አታናግሪው» አለቻት። ከዚያ ክሬሴንሲዮ ወረደ፣ እናቱም ከእግሩ ሥር ተኛች፤ አፈሩን ደልድላ የረገጠችው ኤርሜሊንዳ ራሷ ናት።

ሲወጡ ባራሃስ በሩ ላይ ነበር። «ነገ ሌላ ሰንሰለት አስራለሁ፣ እናቴ። ሥራዬ ነው።»

«እሰር። እኔም አርጅቻለሁ፤ ብዙ አላስጠብቅህም።»

ሰንሰለቱ መጣ፤ ከቀድሞው የወፈረ። ቦቴውም ዘገየ። ባዶ ባልዲ ይዘው የቆሙ አንዳንዶች ኤርሜሊንዳ ስታልፍ አጉረመረሙ፤ እሷም የሚሉትን እየሰማች አንገቷን ሳታቀረቅር አለፈች። የዲጅኖው ባለቤት ዕቃውን ሊወስድ ሲመጣ የአንድ ወር የቁልቋል ምርት በዋጋው ሰጥታ መለሰችው። ዲጅኖውን ከአልጋዋ ራስጌ አስደግፋ ሴት ልጆቿን ጠራቻቸው።

«እዚህ ነው ያለው» አለች። «የእኔ ቀን ሲደርስ ሬሳዬን ይዛችሁ ቁልቁል ስትወርዱ እንዳላይ።»