ባዶውን የማይመለስ ምሳ ዕቃ

ዛሬ ወልቂጤ ውስጥ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ለአረጋውያን ምሳ በባጃጅ ሲያድሉ አየሁ። የጎመኑ ሽታ ሲደርሰኝ ቡታጅራ ያሳለፍኩት ልጅነቴ ትዝ አለኝ።

እናቴና ጎረቤቶቿ ጧሪ ላጡ ሽማግሌዎች በየተራ ጎመንና ቆጮ ያበስሉ ነበር፤ የምናደርሰው እኛ ልጆች ነበርን። የእኔ ድርሻ እማማ ሩቂያ ነበሩ። ምግቡን በሳህናቸው ተቀብለው፣ ምሳ ዕቃውን ያጥቡና ግማሹን ቆጮ መልሰው ከተውበት ይሰጡኝ ነበር።

እናቴ "አርጅተው ነው፣ ምግብ አልበላ ብሏቸዋል" ብላ የምትልከውን ቀነሰች። ከቀረውም ግማሹ ተመለሰ። እንደገና ቀነሰች።

አንድ ቀን የክንዳቸው መቅጠን አስደነገጠኝና "ለምን አይበሉም?" አልኳቸው።

"ምነው ልጄ! የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል እንዴ? ወላሂ፣ ሌላ የምከትበት ነገር የለኝም።"

ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። ምሳ ዕቃውን እስከ አፉ ሞላችው። እማማ ሩቂያ ግን ያኔ ጉርሻ መዋጥ አቅቷቸው ነበር፤ ሁሉንም መልሰው ላኩት።

ዛሬ ባጃጇ አድላ ስትመለስ አንድ ሽማግሌ በር ላይ ወጥተው፣ ግማሽ ምሳ የቀረበትን የፕላስቲክ ሳህን ከፍ አድርገው "ዕቃችሁን!" አሉ።

"የሚጣል ነው አባባ፣ ይጣሉት!" አለ አንዱ፣ ባጃጇ ሳትቆም።

ሽማግሌው ከነግማሽ ምሳው ይዘውት ቀሩ።