በሚካኤል ሥዕል የተለበደው መጽሐፍ

ትናንት የእናቴን አልጋ ሳነጥፍ ከትራሷ ሥር ያ መጽሐፍ ወጣ። የተለበደበት ወረቀት ያለፈበት የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ነው። የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ጠርዙ ተልጧል፤ የጧፍ ሽታው ግን አልለቀቀውም።

የለበደው ወንድሜ ነበር። መጽሐፍ መለበድ ያስተማረችን ደግሞ ራሷ እናታችን ናት። ያኔ ሾርላይን በምትባል የአሜሪካ ከተማ አንድ መኝታ ቤት እንጋራ ነበር፤ እሱ ሃይስኩል ሊጨርስ ሲል፣ እኔ ገና ልጅ ሆኜ። ከሥዕሉ ሥር ያለው ቀልደኛ የወንጀል ልብ ወለድ ነው፤ መርማሪው ወንድ የሚያፈቅር ወንድ። ዝናቡ መስኮቱን እየመታ ወንድሜ በሹክሹክታ ያነብልኝ ነበር። መርማሪው ሬሳ ፊት ቆሞ እንኳ ይቀልዳል፣ ትልልቆቹን ሰዎች በነገር ይወጋል፤ እኔ ሳቄን ላፍን ትራስ እነክሳለሁ።

«ለምንድነው ይሄን ብቻ የምታነበው?» አልኩት አንድ ቀን።

«እህቴ፣ ሌላ መጽሐፍ ላይ እንደኔ ያለው ሰው ወይ ይሰደባል ወይ ይሞታል። እዚህ ግን ገዳዩን ይይዝና ቤቱ ይገባል።»

«እንደኔ» ያለው ገባኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ «ቀጥል» አልኩት።

እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። ጠዋት ልትቀሰቅሰን ስትገባ ሥዕሉን አይታ መጽሐፉን ትሳለም ነበር። «ልጄ ጸሎት አያስታጉልም» እያለች ለሰው ታወራለች። ያን ጊዜ ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ አይስቅም።

በዐቢይ ጾም አንድ ጠዋት አባቴ የጸሎት መጽሐፍ መስሎት ከፈተው። አባቴ እንግሊዝኛ ያነባል። ጥቂት ገጽ ገለጠ፣ ወረቀቱን ገፍፎ ሽፋኑን አየ፤ ሁለት ወንዶች ተቃቅፈዋል።

«በመልአኩ ሥዕል? አንተም እንደዚህ ነህ?»

መዋሸት ይችል ነበር። «አዎ፣ አባዬ» አለ።

«እንግዲያው ከቤቴ ውጣ!»

እናቴ አባቴ እግር ላይ ወደቀች፤ አልሰማትም። ወንድሜ በስስ ጃኬት በዚያ ዝናብ ወጣ። ስልኩ መጀመሪያ አልተነሳም፣ ኋላ ጭራሽ ተቆረጠ። ከእኛ ብዙ ሳይርቅ፣ ሶዶ በሚሉት የመጋዘኖች ሠፈር ሲሠራ አየነው ያሉ ነበሩ፤ ሄደን ብንፈልግ የለም። አባቴ ስሙን ሳያነሳ ሞተ። እኔ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ትናንት እናቴ መጽሐፉን ከእጄ ወሰደች። «ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አባትሽ ከገፈፈው በኋላ መልሼ የለበድኩት እኔ ነኝ» አለች። «እስቲ ንገሪኝ፣ ሰውየው መጨረሻ ላይ ይሞታል?»

«አይሞትም፣ እማዬ።»

«ቤቱ ይገባል?»

«ይገባል። እራት ሠርቶ የሚጠብቀው ሰው አለው።»

«ተመስገን» አለች። መጽሐፉን ተሳልማ ትራሷ ሥር መለሰችው።