ከጣርማ በር እስከ እህቴ ደጅ

የልጅ ልጆቼ ድንኳን በጀርባቸው አዝለው ተራራ ለተራራ ሲዞሩ ሰንብተው መጡ። ለመዝናናት ነው አሉ። ፊታቸውን ውርጭ ገሽልጦት፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ እነሱ ይስቃሉ። «እማማ፣ አንቺም ከጣርማ በር አንኮበር ድረስ በእግርሽ፣ ያውም በበረዶ ሄደሻል አሉ። እስቲ ንገሪን» አሉኝ። ብነግራቸው ግማሹን ሰምተው ግማሹን ስልካቸውን ይነካካሉ። ስለዚህ ትምህርት ቤት ባልገባም በምችላት ፊደል ቀስ እያልኩ ጻፍኩት። ሲመቻቸው ያንብቡት።

እኔ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ አንዴ ጫጫ፣ አንዴ ደነባ፣ አንዴ ደብረ ብርሃን፣ ዘመድ ካለበት ሁሉ ስዞር ነው የኖርኩት። ያን ጊዜ ጣርማ በር ልጄ ዘንድ ነበርኩ። የበልግ መግቢያ ነው። ታናሽ እህቴ አንኮበር ግድም ካለች መንደር ታማ ተኝታለች። ሐኪም ቤትም ወደ ቤቷ መልሷታል። «አንቺን አንቺን ትላለች፤ በቁሟ እንድታገኚያት ቶሎ ድረሺ» ብለው ደወሉልኝ። መንገዱ ተዘግቶ መኪና ከቆመ ሰንብቷል። በእግር ከመሄድ በቀር ምን አለ?

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዬ፣ «ብቻዎን አይሄዱም» ብሎ ተነሣ። ባናዬን፣ ያን የበግ ጠጉር ብርድ ልብሴን፣ ጠቀለልኩ፤ በሶና ቆሎ ቋጠርኩ። ሁሉንም በገመድ ጀርባዬ ላይ አሰርኩት። ሊቀማኝ ቢታገል እንቢ አልኩት።

«እትዬ፣ ሰው ምን ይለኛል? ጎረምሳው አሮጊቷን ጭኖ ይነዳታል ነው የሚሉኝ!»

«ጎረምሳ? ጥርስህ አልቆ? ዝም ብለህ ሂድ፣ አንተንም ጨምሬ እንዳላዝልህ።»

«እሱማ ቢሆንልኝ! ጉልበቴ ከጠዋት ጀምሮ ይሄንኑ ሲለምን ነበር።»

እንዲህ እየተባባልን ገደሉን ይዘን ሄድን። መሽቶብን ከማናውቃቸው ሰዎች ቤት አደርን፤ አብልተው አሳደሩን። በማግስቱ ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ያወርደው ጀመር። ባናዬን ለሁለት ተከናንበን አስታ ቁጥቋጦ ሥር ተኮራምተን አሳለፍነው። ሲያባራ ምድሩ ጨው የተሰጣበት መሰለ። የጓሳው ሣር ተኝቷል፤ እንደ ሰው የሚረዝመው የጅብራ ተክል ብቻ አንገቱን አውጥቶ ቆሟል። እግር ሲያርፍ ይከዳል። ጓሳ ነጭተን ገመድ ፈተልንና የላስቲክ ጫማችን ላይ ጠመጠምነው፤ እንዳያንሸራትት። ጣቶቼ የኔ መሆናቸው ቀረ። እኔ ግን «ልድረስባት ብቻ» እያልኩ እራመዳለሁ።

ስልክ የሚሠራበት ጉብታ ላይ ስንወጣ የዋርሳዬ ስልክ ጮኸ። ፈንጠር ብሎ አነጋገረ። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ሆኗል።

«ማነው?» አልኩት።

«ይቆራረጣል፤ አልሰማሁትም።»

ከዚያ ወዲያ ቀልድ የለ። ሳይጠይቀኝ ጭነቴን ከጀርባዬ ፈትቶ ተሸከመው። የእህቴ መንደር ጭስ ከታች ይታያል።

«እትዬ፣ እዚህ ገደሉ ሥር ዘመድ አለኝ። እዚያው እንደር።»

«ምነው፣ ገና ቀን አይደለም እንዴ? የቀረን ቁልቁለቱ ብቻ ነው!»

«ቁልቁለቱ በረዶ ነው። ወድቀው ቢሰበሩ ለእህትዎ ማን ይደርስላታል?»

ይቺ ቃል አሸነፈችኝ። ገባን። የቤቱ እመቤት እግሬን በሞቀ ውኃ አጠበችኝ። «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» እያለች ከጠገብኩ በኋላ ሁሉ አጎረሰችኝ፤ ዐይኔን ግን አታየኝም። በእኛ አገር መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፤ በምሽት አይነገርም፤ በባዶ ሆድ አይነገርም። ሐዘንተኛው እንዳይጎዳ ሰው ይሰበሰብና ሲነጋ ይነገራል። እኔም ለስንቱ እንዲሁ አድርጌያለሁ። ያን ምሽት ግን ልቤ በረዶው ላይ ነበርና አልጠረጠርኩም።

ሲነጋጋ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ያኔ ገባኝ። ዋርሳዬ «እትዬ፣ ይበርቱ። እህትዎ ትናንት ዐርፋለች» አለኝ። ደረቴን መታሁ፤ ፊቴን ነጨሁ፤ እጆቼን ያዙኝ። ልሂድ ብዬ ስነሣ «ትንሽ ይረጋጉ፤ ከእንግዲህ ምን ያስቸኩላል?» አሉኝ። እውነትም ምን ያስቸኩላል ብዬ ፀሐይዋ አናት እስክትደርስ ተቀመጥኩ።

መንደሯ ስንደርስ አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ አገኘሁት። ቀብሩን ለኔ ሲሉ ያሳደሩት መስሎኝ በየሰዉ ጉልበት ላይ ወድቄ አመሰገንኩ። ሰዎቹ ዐይናቸውን ሰብረው ደግፈው አነሡኝ። ዋርሳዬ ከአጥሩ ጥግ ሄዶ ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ በረዶውን ስረግመው ኖርኩ። ዋርሳዬም ቤቴን ሸሸ። በዓል ሲመጣ ይልክልኛል እንጂ ራሱ አይመጣም። እኔን ሲያይ ያ መንገድ ትዝ ይለው ይሆናል፣ ሐዘኑ ይመለስበታል እያልኩ እተወው ነበር።

ብዙ ዓመት ቆይቶ እሱም ሞተ። ለቅሶው ላይ እህቴን ያስታመመች ጎረቤቷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ብዙ ካለቀሰች በኋላ «እሱ በሕይወት ሳለ አትንገሪያት ብሎ አስምሎኝ ነው» ብላ ነገረችኝ።

ያን ቀን ከሰዓት እህቴ ራሷን ስታ ነበር። ቤተሰቡ ሞተች ብሎ ሲጮኽ አንዱ ሰምቶ ለዋርሳዬ ደወለለት። ብዙም ሳትቆይ ነፍሷ ተመለሰች። ተሳስተናል ሊሉን ደጋግመው ደወሉ፤ እኛ ግን ስልክ የማይሠራበት ገደል ሥር ገብተናል። ዋርሳዬ እውነቱን የሰማው መንደሯ ስንገባ ነው። እኔ ደረቴን ስመታላት እህቴ በሕይወት ነበረች። ሲነጋ ደግፈው ቀና አድርገዋታል፤ ወደ በሩ አዙሩኝ ብላም አዙረዋታል። የሞተችው ረፋዱ ላይ ነው።