የሜዳ አህያዋና የአባቴ ፊሽካ

ነገሌ ላይ ግቢያችንን ለማግኘት ሰው መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ጠዋትና ማታ የአባቴ ፊሽካ ይሰማል፤ ድምፁን ተከትሎ መምጣት ነው። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ሰጎኖቹ አንገታቸውን አስግገው ይሮጣሉ፣ ከርከሮዋ ጭራዋን እንደ አንቴና አቁማ ትመጣለች፣ ጅግራዎቹ እየተንጫጩ ይደርሳሉ። ኤሊዎቹም ይመጣሉ። እነሱ እስኪደርሱ ግን ምግቡ ያልቃል፤ ስለዚህ የነሱን ለብቻ እናስቀምጥ ነበር።

አባቴ ጡረታ የወጣ ሃምሳ አለቃ ነው። ነገሌ ጦር ካምፕ ውስጥ ምልምል ሲያሰለጥን ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ያለ ምልምል መኖር አልቻለም። መጀመሪያ አርብቶ አደሮች አንዲት የሰጎን ጫጩት አመጡለት። ከዚያ ወሬው ዞረ፤ እግሩ የተሰበረው፣ እናቱ የሞተችበት፣ ውሻ ያባረረው ሁሉ እኛ ግቢ መጣ። ፈቃድ አወጣ፣ አጥር አጠረ፣ ሰጎን አራባ። እሁድ እሁድ የካምፑ ቤተሰቦችና አስተማሪዎች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጡ ነበር፤ እንስሳቱን ብቻ ሳይሆን በፊሽካ ሲሰለፉ ለማየት። አባቴ በዚያ ሰልፍ ደረቱን ይነፋ ነበር። ለአንዳቸውም ስም አላወጣም። ሁሉም «ምልምል» ነው።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም። ፍግ እጠርጋለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ አጥር እጠግናለሁ። መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሲያጓራ እግሬ ይነሳል። ሞያሌ ልሂድ? ሐዋሳ ልሂድ? ሄጄስ ምን ልሠራ? እናቴ «ይቺ ልጅ ቂጥ የላትም» ትላለች። ልክ ናት። ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እንኳ መላጥ አልችልም፤ እየተንጎራደድኩ ነው የምልጠው።

የሜዳ አህያዋ ውርንጭላ የመጣችው በድርቅ ወራት ነው። አንድ ሾፌር ከያቤሎ ወዲህ፣ ከሞተች እናቷ አጠገብ ቆማ አግኝቷት በጆንያ ጠቅልሎ አመጣት። እግር ብቻ ነበረች። ጡጦ አልይዝም አለች። የፍየል ወተት አፏ ውስጥ ብናንጠባጥብላት በአፍንጫዋ ይመለሳል። አባቴ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጦ አደረ፤ እኔ ትሞታለች ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን አህያ ውርንጭላዋ ሞቶባት ነበር። ጎረቤታችን በአህያ ውሃ የሚያመላልሱ የቦረና ሴት ናቸው፤ አዴ ነው የምንላቸው። ላም ጥጃዋ ሲሞትባት የሟቹን ቆዳ ሌላ ጥጃ ላይ አልብሰው እንደሚያስጠቧት ነገሩን። በአህያስ ሠርቶ ያውቃል ወይ ብሎ አባቴ ጠየቃቸው። ለአህያ ማን እንዲህ ይደክማል ብለው ሳቁ፤ ግን ቆዳውን ሰጡን። እናቴ ያንን ቆዳ የነካ እጅ ማዕድ ቤቴ አይገባም አለች።

ቆዳውን ጨው አሽተን ውርንጭላዋ ጀርባ ላይ በሲባጎ አሰርነው። አህያዋ አሸተተች፣ ጨውን ላሰች፣ ወዲያው ግን በኋላ እግሯ ረግጣ ጣለቻት። ውርንጭላዋ ተነስታ ተመልሳ ሄደች። አሁንም ረገጠቻት። ለቀናት እኔ የአህያዋን እግር አስሬ ስይዝ፣ አባቴ ጆሮዋን ይዞ እየለመናት፣ ትንሿ በግድ ጠባች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ማንም ሳይይዛት አህያዋ እግሯን ከፈት አድርጋ ቆመች። ቆዳው ሸትቶ ስናወልቀው እንኳ ግድ አልሰጣትም። እናቴ በር ላይ ቆማ፣

«ሰው ልጁን ይድራል፤ የኔ ባል ለአህያ የእንጀራ ልጅ ይፈልጋል» አለች። እኔን አየት አድርጋ ነው ያለችው።

ውርንጭላዋ አደገች። ፉርሽካ መቅመስ ስትጀምር አባቴ እንደ ሌሎቹ በፊሽካ አስለመዳት። ከሁሉም ቀድማ የምትደርስ እሷ ሆነች። ጆሮዋን አቁማ፣ አቧራ እያስነሳች መጥታ ግንባሯን ደረቱ ላይ ታሳርፋለች። እሁድ የሚመጡት ልጆች ያጨበጭባሉ። እኔም አጨበጭብ ነበር፤ ምን እየሠራን እንደሆነ ያሰበ ሰው አልነበረም።

የገባን በኳስ ነው። የካምፑ ቡድን ከአስተማሪዎች ጋር ይጫወት ነበር፤ ሜዳው ከግቢያችን ብዙ አይርቅም። ዳኛው ጨዋታውን ለማስጀመር ነፋ። የሜዳ አህያዋ የእሾህ አጥራችንን ጥሳ፣ መንገዱን አቋርጣ፣ በተመልካቹ መሀል ሰንጥቃ ዳኛው ፊት ቆመች። እየሮጥኩ ስደርስ የኪሱን አፍ እያሸተተች ነበር። ሰውየው እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ደርቋል። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ወታደር «ቀይ ስጣት እንጂ» አለው። ልጓም ስላልነበረኝ በነጠላዬ አንገቷን አስሬ ወሰድኳት፤ አህያዋ ደግሞ ከግቢ ሆና ልጄን አምጡ እያለች ታናፋለች።

ወሬው ያቤሎ ደረሰ። ጥቂት ቆይቶ አንድ የዱር እንስሳት ባለሙያ ሊያያት መጣ። ሻይ ጠጣ፣ ሰልፉን አየ፣ አላጨበጨበም። ያቤሎ አካባቢ ያለው ጥብቅ ቦታ ውስጥ የሜዳ አህያ መንጋ እንዳለ፣ መጀመሪያ በአጥር አቆይቶ ከመንጋው ጋር መቀላቀል እንደሚቻል ነገረን። ግን ፊሽካውን በእጁ እያመለከተ፣

«ሃምሳ አለቃ፣ ትናንት የነፋው ዳኛ ነው። ነገ ጠመንጃ የያዘ ሰው ቢነፋስ?» አለ።

እዚያ እረኛው ሁሉ ያፏጫል፤ ከብት ውሃ ሲወርድ በፉጨት ነው። ፊሽካ ሰምታ ወደ ሰው የምትሄድ ከሆነ አንለቃትም፣ ብንለቃትም አትከርምም አለ። ካልሸሸች ተመልሳ ብቻዋን በረታችን ውስጥ ታረጃለች ማለት ነው። አባቴ ባለሙያውን ሸኝቶ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል።

«እዚህ ምን ጎደላት?» አለኝ።

«ሌላ የሜዳ አህያ» አልኩት።

አንድ ሰው ያቤሎ ሄዶ ፊሽካ ስትሰማ እንድትሸሽ ማስለመድ ነበረበት፤ አባቴ ራሱ ግን እንደማይችል ሁላችንም እናውቅ ነበር። ፊሽካውን ለአንድ ቀን እንኳ መተው አልቻለም፤ ካልነፋ መብላቱን ይረሳል። እኔ እሄዳለሁ አልኩ። እናቴ ለአህያ ብለሽ ነው ወይስ ለመንገድ አለችኝ። ለሁለቱም ነበር።

ውርንጭላዋን ከአዴ ከተዋስናት አህያ ጋር አይሱዙ ላይ ጭነን በአሬሮ በኩል ያቤሎ ወሰድናቸው። አጥሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ቁጥቋጦ መሀል ነው። ጠባቂው በዕድሜ አባቴን የሚያክሉ ቦረና ነበሩ። ጠዋት ጠዋት «አካም፣ ናጋ?» ብለው ደህና አደርሽ ይሉኛል፣ ናጋ እላቸዋለሁ፣ ከዚያ በአማርኛና በኦሮምኛ እያቀላቀሉ ይሰድቡኛል።

ሥራው ቀላል ነው፤ ለመናገር። ፊሽካ እነፋለሁ። ትመጣለች። ስትደርስ የቆርቆሮ ጣሳ እደበድባለሁ፣ እጮሃለሁ፣ የአፈር ጓል እወረውርባታለሁ። ሣርና ውሃ ሰው ሳታይ ሌሊት ይገባላታል። በመጀመሪያው ቀን ግንባሯን ደረቴ ላይ ልታሳርፍ መጣች። ጣሳውን ጆሮዋ ሥር ደበደብኩት። ዘላ ራቅ አለችና ቆማ አየችኝ፤ በስህተት የረገጥኳት መስሏታል። እንደገና ነፋሁ። እንደገና መጣች። ጓሉን ወረወርኩ። አጠገቧ ወደቀ።

«ኢንታላ፣ እጅሽ ይፈራል» አሉኝ ጠባቂው። ኢንታላ ልጅት ማለታቸው ነው።

«አልፈራም። ሳትኩ እንጂ።»

«ትናንት ጓል ወርውረሽ ርግብ ስትመቺ አይቼሻለሁ።»

ተናደድኩ። በቀጣዩ ጎኗን አገኘኋት። ድም አለ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም፤ አጥሩን ስዞር ዋልኩ። ማታ ማታ ደግሞ እንቅልፍ የለም፤ አህያዋ ታናፋለች፣ ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል፣ ወደ ሜጋ ከተማ የሚያልፉ መኪኖች ከሩቅ ይሰማሉ። አንዱ ላይ ዘልዬ ልውጣ እላለሁ። ሲነጋ ፊሽካዬን ይዤ እወጣለሁ።

አህያዋን ከአጥሩ አውጥተን ለአዴ መልሰን ላክናት፤ እሷ ሰው ባየች ቁጥር ስለምትመጣ ትንሿም ትከተላት ነበር። ዝናቡ ሲጀምር መንጋው ወደ አጥሩ መቅረብ ጀመረ። በሽቦው በኩል ይተነፋፈሳሉ። የኛዋ በመጀመሪያ ፈርታቸው ወደኔ ሮጣ መጣች። ከነሱ ወደኔ! ያን ጊዜ ያለ ፊሽካ፣ በእጄ አባረርኳት፤ ከሁሉም የከበደኝ ያ ነው። ቀስ በቀስ ፊሽካዬን ስትሰማ መሸሽ ጀመረች። የጠባቂውንም ፉጨት ሸሸች። አጥሩ ይከፈት አልኩ።

ባለሙያው እምቢ አለ። እናንተን ሸሸች፤ ያሳደጋትን ሰው ፊሽካ ግን አላየንም፣ እሱ ራሱ መጥቶ ይንፋ አለ።

አባቴ መጣ። ጠዋት ከመኪና ሲወርድ ንጹህ ካኪ ለብሷል፣ ጺሙን ተላጭቷል። ሰላም እንኳ በቅጡ ሳይለኝ «የት ናት?» አለ። ከሩቅ አሳየሁት። አድጋለች፤ ፀጉሯ አብረቅርቋል፤ ከሽቦው ማዶ ካለው መንጋ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ትተሻሻለች። ፊሽካውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ከዚያ ነፋ፤ ነፋ ከተባለ። የታመመ ሰው ትንፋሽ።

ጠባቂው ወደ መሬት አዩ። ባለሙያው እኔን አየኝ።

«አባባ፣ እንደ ግቢያችን ንፋ» አልኩት። «እንዲህ ከነፋህ ዕድሜ ልኳን ትታሰራለች።»

«ብትመጣስ?»

«ከመጣች ይዘናት እንሄዳለን።»

ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ቁጥቋጦው ውስጥ ያሉ ወፎች ተነሱ። የሜዳ አህያዋ ቀና አለች። ጆሮዋን ወደኛ አዞረች፣ ከዚያ መራመድ ጀመረች። አባቴን አላየሁትም፤ ግን እጁ ሊዘረጋ ከጎኑ ሲነሳ ተሰማኝ። ጣሳው እግሬ ሥር ነበር። መንካት አይፈቀድልኝም ነበር።

መሀል ላይ ቆመች። አንገቷን አስረዘመች፣ ነፋሱን አሸተተች። ከዚያ እንደ ማስነጠስ አደረጋትና ዞራ ወደ መንጋው ጋለበች፤ ሽቦው እስኪያቆማት ድረስ።

ባለሙያው ለጠባቂው ምልክት ሰጠ፤ በማዶ ያለው ሽቦ ተከፈተ። ወዲያው አልወጣችም። ከወጣችም በኋላ ወንዱ አንገቷን ነከሳት፣ ሸሸች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ነከሳት። እንደገና ተመለሰች። መንጋው ወደ ኮረብታው ሲያቀና እሷ ከመጨረሻው ራቅ ብላ ትከተል ነበር። ከዚያ ክፍተቱ ጠበበ። ከዚያ የትኛዋ እንደሆነች መለየት አቃተኝ።

አባቴ አሁንም ሽቦውን ይዞ ቆሟል።

«ጠላችኝ አይደል?» አለ።

«አዎ» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? «እኔንም ጠልታኛለች።»

ራሱን ነቀነቀ። ጠባቂው ውሃ በጣሳ አቀበሉት፤ ጠጣና አፉን በእጁ ጠረገ። ኮረብታውን እያየ፣ እንደ ማንኛውም የምግብ ሰዓት፣

«ማታ ማን ያበላታል?» አለ።

«ማንም፣ አባባ። ሣር አለ።»